የእትዬ ፈህሚያ ቤት ቅርስ ከሆነ በኋላ

እትዬ ፈህሚያ ሷሊሕ ቤታቸው ቅርስ መሆኑን የሰሙት ድርና ማግ እየሸጡ ሳለ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ሥር ካለው ሱቃቸው ደጃፍ አንዲት ነጭ የመንግሥት ማኪና ቆመችና ስድስት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ሜትር ያዘ፤ አንዱ የሜትሩን ጫፍ ያዘ፤ አንዱ ጻፈ፤ አንዱ ፎቶ አነሳ፤ የቀሩት ሁለቱ ሥራው በአግባቡ መከናወኑን ቆመው ተቆጣጠሩ። እኔ ፊት ለፊት ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ሆኜ ሳይ፣ ቤቱን ሊያፈርሱባቸው መስሎኝ የጀመርኩትን ሱሪ ጥዬ ወጣሁ። ሜትር የያዘ ሰው በሰፈራችን ሲታይ ደህና ነገር ተከትሎ አያውቅም።

«እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ» አሉ ከስድስቱ በዕድሜ ጠና ያሉት። «ቤትዎ በቅርስነት ተመዝግቧል።»

እትዬ ፈህሚያ የያዙትን ማግ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ ጣሪያውን መቼ ነው የምትጠግኑልኝ?»

«ጣሪያው ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የትውልድ ሀብት ነው።»

«በጣሪያው የሚገባው ዝናብስ? እሱም የትውልድ ነው ወይስ የኔ ብቻ?»

ሰውየው ሳቁ። የሚጽፈው ይህንንም ይጻፈው አይጻፈው ግራ ገብቶት ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ አስፈርመዋቸው ሄዱ።

ቤቱ እውነትም የሚመዘገብ ነው። ያሠሩት የእትዬ ፈህሚያ አያት ሐጂ ዐብዱልከሪም ናቸው፤ ከመተማ ጥጥ እያመጡ ለጎንደር ሸማኔዎች የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ነበሩ። ግድግዳው በድንጋይና በኖራ የተገነባ ሆኖ፣ ከላይ የወይራ ሰገነት የከበበው ፎቅ አለው። እትዬ ፈህሚያ እዚያ ተወለዱ፣ እዚያው ተዳሩ፣ ባላቸውን እዚያው አስታመው ሸኙ፣ ሦስት ልጆች አሳድገው በየአገሩ ላኩ። አሁን ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። የሚተኙትም የሚሰግዱትም በምዕራብ በኩል ባለችው የፎቅ ክፍል ነው። ያችን ክፍል የተሸከመው የምዕራቡ ግድግዳ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሆድ አውጥቷል። ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ምሳውን በልቶ የተነሳ ሹም ይመስላል።

ከወር በኋላ ከቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣላቸው። መነጽራቸውን እያስተካከሉ ለኔ አነበቡልኝ። ምስማር መምታት ክልክል ነው። ቀለም መቀባት ክልክል ነው። ድንጋይ ማንሳት፣ ድንጋይ መጨመር፣ በርና መስኮት መለወጥ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ክልክል ነው። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ክልከላ ይቆጥራል። ስለ ጥገና የሚናገረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እሱም «ጥገናው እንደ አስፈላጊነቱ ይታያል» ይላል።

ጽሕፈት ቤቱ ቃሉን አላጠፈም። ጥገናው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲታይ ኖረ።

የሚያየው ህሩይ የሚባል ባለሙያ ነበር። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ ስለ ቅርስ ጥገና አምስት ዓመት ተምሯል። በየሦስት ወሩ ይመጣና የግድግዳውን ሆድ ፎቶ ያነሳል። ያለፈውን ፎቶ ከአዲሱ ጋር ያስተያያል። «ጨምሯል» ይላል። እትዬ ፈህሚያም «ጨምሯል» ይላሉ። ሻይ ይጠጣና ይሄዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ያ ግድግዳ ከሰፈራችን ሙሽሮች ሁሉ የበለጠ ፎቶ ተነሳ።

አንድ ቀን እትዬ ፈህሚያ ሻዩን ከመቅዳታቸው በፊት ጠየቁት። «አቶ ህሩይ፣ እውነቱን ንገረኝ። ለዚህ ቤት የሚሆን ነገር የላችሁም?»

«አለ እትዬ ፈህሚያ። በጀት ተይዟል።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

ህሩይ አንገቱን ደፋ። «በጀቱ የሚለቀቀው በሐምሌ ነው። በሐምሌ ደግሞ ዝናብ ስለሆነ የኖራ ሥራ አይሠራም።»

«መስከረም ይሠራ።»

«መስከረም ላይ ዕቅድ እንከልሳለን። ኅዳር ላይ ጥናት ይጠናል። ጥናቱ እስኪጸድቅ የካቲት ይሆናል። ከዚያ ጨረታ ይወጣል። ሰኔ ሲደርስ ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ይደረጋል።»

«እና ሐምሌ ላይ እንደገና ይለቀቃል።»

«አዎ። በቀጣዩ በጀት ዓመት ግን በእርግጠኝነት ይሠራል።»

«ኢንሻአላህ» አሉ እትዬ ፈህሚያ፤ ሻዩንም ቀዱለት። ህሩይ ውሸታም እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። የሚያሳዝናቸውም ይኸው ነበር፤ ውሸታም ቢሆን ይሰድቡት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ግን የመንግሥት ሀብት ደረሰ። በማኪና ተጭኖ ነው የመጣው፤ የብረት ሰሌዳ ነበር። ከበሩ ይረዝማል። በሁለት ቋንቋ «ይህ ቅርስ በመንግሥት ልዩ ጥበቃ ሥር ይገኛል» ተብሎ ተጽፎበታል። ሠራተኞቹ ለመትከያው ጉድጓድ መቆፈር የጀመሩት ከምዕራቡ ግድግዳ ማዕዘን ሥር ነው፤ ልክ ሆዱ ከወጣበት በታች።

«ትንሽ ፈቀቅ ብታደርጉት ምን አለበት?» አሉ እትዬ ፈህሚያ። «ያ ማዕዘን ታማሚ ነው።»

«ዲዛይኑ ላይ እዚህ ጋ ነው ያለው» አለ የሠራተኞቹ አለቃ። ወረቀቱንም አሳያቸው፤ እውነትም ዲዛይኑ ላይ እዚያ ጋ ነበር። ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ሦስት ኩንታል ሲሚንቶ ጠጣ፤ ሰሌዳው ቆመ። ከሲሚንቶውና ከግድግዳው መካከል በቀረችው ስንጥቅ ከዚያ ወዲህ የጣለው ዝናብ ሁሉ እየገባ ይተኛባታል። ህሩይ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ስንጥቋን ጎንበስ ብሎ ብዙ አያት። ፎቶም አነሳት።

በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛው ሀብት መጣ፤ ሥልጠና ነው። ለቅርስ ባለቤቶች የተዘጋጀ የሦስት ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል። እትዬ ፈህሚያ ሱቁን ለኔ አደራ ብለው ሄዱ። ሲገቡ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ደብተርና «ቅርሴን እጠብቃለሁ» የሚል ኮፍያ ተሰጣቸው። በሻሻቸው ላይ ኮፍያ መድፋት ስላልሆነላቸው ለኔ አመጡልኝ። እስካሁን አደርገዋለሁ፤ ለፀሐይ ደህና ነው።

በመጀመሪያው ቀን እጃቸውን አውጥተው ጠየቁ። «ቅርሱን እንድጠብቅ ነግራችሁኛል፤ እጠብቃለሁ። ሲወድቅ ግን በምን ልያዘው?»

መድረክ ላይ ያሉት አሰልጣኝ በጣም ጠቃሚ ጥያቄ መሆኑን ገለጹ። እንደሚመለሱበትም ቃል ገቡ። በሦስት ቀን ውስጥ ግን አልተመለሱበትም።

ሥልጠናው ለእትዬ ፈህሚያ አንድ ነገር ሰጣቸው፤ ይኸውም በማንም ዕቅድ ያልተያዘ ነበር። ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ነው። የምሳው ጠረጴዛ በሥጋ ተሞልቷል፤ የታረደው ደግሞ በክርስቲያን ስለሆነ እትዬ ፈህሚያ አይነኩትም። ጥግ ላይ ወዳለችው የጾም ምግብ ጠረጴዛ ሄዱ። እዚያ አንድ ጋቢ የለበሱ፣ ጣቶቻቸው እንደ ደረቅ ሥር የተጠማዘዙ ሽማግሌ ለብቻቸው ሽሮ ያወጣሉ። ረቡዕን ይጾማሉ። ከሁለት መቶ ሰው መካከል የጾም ጠረጴዛዋ ሁለቱን ብቻ አገናኘች።

«አንቱም የቅርስ ባለቤት ነዎት?» አሏቸው እትዬ ፈህሚያ።

«የለም እታለም፤ እኔስ ግንበኛ ነኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ ነው ያመጡኝ። በላቸው እባላለሁ።» ሽማግሌው በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ካርድ አነሱና አሳዩዋቸው። «የአገር በቀል እውቀት ባለቤት ይላል አሉ። ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ፤ ምንም አልጠየቁኝም። ነገ አምስት ደቂቃ ትናገራለህ ብለውኛል።»

«ምን ሠርተዋል እስካሁን?»

«ኖራ። ዕድሜዬን ሙሉ ኖራ። ግንቦቹ ሲጠገኑ ባለሙያ ለሚባሉት ኖራ አሠራር ያሳየሁ እኔ ነኝ። እነሱ ሰርተፍኬት ወሰዱ፤ እኔ በጉልበት ሠራተኛነት ተመዝግቤ የቀን ሒሳቤን ወሰድሁ። ሸጋ ሰዎች ናቸው፤ ሰላምታቸው እንኳ አይጠገብም።»

እትዬ ፈህሚያ ሳህናቸውን አስቀመጡ። «አያ በላቸው፣ አንድ ግድግዳ አለኝ። ቢያዩልኝ?»

ከምሳ በኋላ ያለውን «የቅርስ ፋይዳ ለዘላቂ ልማት» የሚለውን ትምህርት ሁለቱም ሳይሰሙት ቀሩ። በባጃጅ መጡ። አያ በላቸው ግድግዳውን በጣታቸው መገጣጠሚያ ከታች ወደ ላይ እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ ሄዱ። ከሰሌዳው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምነው፣ ይህን እዚህ ማን ተከለው?»

«የሚጠብቁኝ ናቸው» አሉ እትዬ ፈህሚያ።

አያ በላቸው ሲሚንቶውን በእግራቸው ጫፍ ነኩት። «እታለም፣ ግድግዳው ውስጡ ውሃ ጠጥቷል። የሚቀጥለውን ክረምት አይሻገርም። ከግንቦት በፊት ፈትቶ ዳግም መገንባት ነው። ኖራው በውሃ ተነክሮ ከጉድጓድ አለኝ፤ ሦስት ዓመት የተኛ ነው። አሸዋ፣ ውሃና ፈቃድ ካለሽ እመጣለሁ።»

አሸዋና ውሃ ቀላል ነበሩ።

እትዬ ፈህሚያ በራሳቸው ወጪ ለማሠራት ማመልከቻ አስገቡ። ከሰባት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ተነሳሽነታቸው የሚደነቅ መሆኑ፣ ሆኖም የቅርስ ጥገና የሚሠራው ልዩ ፈቃድ ባለው ተቋራጭ ብቻ መሆኑ ተገለጸላቸው። እንዲህ ያለ ተቋራጭ በጎንደር አለ ወይ ብለው ህሩይን ጠየቁት። የለም አለ። በአቅራቢያውስ? የለም። ለማንኛውም ጨረታ ይወጣል አለ። ጨረታ ወጣ፤ ማንም አልቀረበም። ደንቡ ሁለተኛ ጊዜ ይውጣ ስለሚል ሁለተኛ ወጣ፤ ያልቀረቡት ሰዎች አሁንም አልቀረቡም። የጨረታ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ማንም አለመቅረቡን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። እትዬ ፈህሚያ ለዙሁር ሶላት ተጣጥበው ውዱ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ቧንቧው ወርደው ነበር። እኔ ድምፁን የሰማሁት ከስፌት ማኪናው ጩኸት በላይ ነው፤ የድንጋይ ክምር ከገልባጭ ሲራገፍ ዓይነት። ስወጣ አቧራው ዝናቡን አሸንፎ መንገዱን ሸፍኗል። ሲገለጥ የምዕራቡ ግድግዳ ማዕዘን የለም። የፎቋ ክፍል እንደ ተከፈተ ሣጥን ለመንገዱ ሁሉ ወለል ብላለች፤ አልጋው፣ መስገጃው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የባላቸው ፎቶ ይታያል።

ሰሌዳው ግን አልወደቀም። በሲሚንቶ የተተከለ ስለሆነ ፍንክች አላለም። ከድንጋይ ክምሩ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቅርሱ በመንግሥት ልዩ ጥበቃ ሥር መሆኑን ይገልጻል።

እትዬ ፈህሚያ እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ ከጓሮ መጡ። መጀመሪያ የጠየቁት የተጎዳ ሰው እንዳለ ነው። ማንም እንዳልተጎዳ ነገርናቸው። ቀና ብለው ክፍላቸውን አዩ። አላለቀሱም። «አልጋዬን ሰው ሁሉ እያየው ነው» አሉ በዝግታ። «አንድ ነገር አልብሱልኝ።» ጎረቤቶች በውስጥ ደረጃ ወጥተን አንሶላ ዘረጋንበት። ዙሁርን የሰገዱት በእኔ ስፌት ቤት ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ነው።

ሦስት ዓመት ያልደረሰው መንግሥት በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረሰ። በሦስት ማኪና ነው የመጣው። ቢጫ ሪባን ተወጠረ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ተብሎም አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ከላይ እስከ ታች ተሰቀለ። በሳምንቱ ደብዳቤ ተከተለ። በይዞታቸው ሥር በሚገኘው ቅርስ ላይ ለደረሰው ጉዳት ምክንያቱን በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያብራሩ ይጠይቃል።

እትዬ ፈህሚያ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የምለውን ጻፍ አሉኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ግድግዳውን የጣለው ዝናብ ነው። ከየት እንደመጣና አሁን የት እንዳለ ስለማላውቅ አድራሻውን ልጠቁም አልቻልኩም። ሲመለስ አሳውቃለሁ።» ፈረሙበትና ላኩት። ይህ መልስ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት እስካሁን አለ።

ደብዳቤውን ካሸጉ በኋላ ስልካቸውን አነሱ። «አያ በላቸው፣ ፈቃዱ አልመጣም። ግድግዳው ግን ሳይጠብቅ ወድቋል።»

«ሰው ተጎዳ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ማክሰኞ እመጣለሁ» አሉ አያ በላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ከአምባ ጊዮርጊስ ድንች የጫነ አይሱዙ መጣ። ከድንቹ ሥር ሃያ ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት እርጥብ ኖራ ነበር። ከሾፌሩ አጠገብ አያ በላቸው፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ልጃቸው ዓይናዲስ ተቀምጠዋል። ዓይናዲስ የሁለት ልጆች እናት ናት። ወንድሞቿ ኖራ እጅ ይበላል ብለው ወደ ሹፍርና ሲገቡ፣ ሙያውን ከአባቷ የወሰደችው እሷ ናት። አያ በላቸው ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድንጋይ ይመርጣሉ፤ የምትገነባው ዓይናዲስ ነች።

ሥራው የተሠራው ከሸራው ጀርባ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ለዚያ ቤት ካዋለው ሀብት ሁሉ አንድ የረባ ነገር ቢኖር ያ ሸራ ነው። ዝናብ ይከለክላል፤ ፀሐይ ኖራውን ቶሎ እንዳያደርቀው ይጋርዳል፤ ከሁሉም በላይ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ እንዳያይ ያደርጋል። በማኪና የሚያልፉ ባለሥልጣናት ሸራቸው ሳይቀደድ መሰቀሉን አይተው ደስ ብሏቸው ያልፉ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ህሩይ መጣ። ካሜራውን አንጠልጥሎ፣ እንደ ልማዱ ፎቶ ሊያነሳ የሸራውን ጠርዝ ገለጠ። ግድግዳው እስከ ደረቱ ደርሷል። ዓይናዲስ ድንጋይ እያስቀመጠች ነበር፤ አየችውና ሥራዋን ቀጠለች። እትዬ ፈህሚያ ውሃ የያዙበትን ጆግ አስቀምጠው ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ አሸዋ እየነፋሁ ስለነበር ወንፊቱን ይዤ ደረቅሁ።

«ይህ ያለ ፈቃድ ነው» አለ ህሩይ።

«አዎ» አሉ እትዬ ፈህሚያ። «ሲወድቅም ያለ ፈቃድ ነው።»

ህሩይ ወደ ግድግዳው ተጠጋና በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ በጣቱ ነካው። «ስንት ዓመት የተኛ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሦስት» አሉ አያ በላቸው ከበርጩማቸው ላይ።

«መጽሐፍ ላይ አውቀዋለሁ» አለ። «በእጄ ነክቼው አላውቅም። አምስት ዓመት ስንማር ኖራ አልነበረም፤ በስላይድ ነው ያየነው።»

ዓይናዲስ ከኖራው በእጇ ዘግና ዘረጋችለት። «እንካ፣ ያዘው። ሲጨብጡት ከጣት ከተጣበቀ ውሃ በዝቶበታል። እንዲህ ከቆመ ደርሷል።»

ህሩይ ካሜራውን ለእትዬ ፈህሚያ ሰጣቸው፤ ኮቱን አወለቀ። እስከ አሥር ሰዓት ድንጋይ ሲያቀብል ዋለ። ሲሄድ እጁ ተላልጦ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ ፈክቷል። በዚያ ሳምንት የጻፈውን ሪፖርት በኋላ አሳይቶኛል፤ «ቅርሱ በቅርብ ክትትል ላይ ነው» ይላል። አልዋሸም፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጥቶ ተከታትሏል።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ግድግዳው አለቀ። አያ በላቸው ቱምቢውን ጣሉበት፤ ሆድ የለውም። ክረምቱን እትዬ ፈህሚያ ክፍላቸው ውስጥ ተኝተው አሳለፉት። ጠብታ አልገባም አሉኝ።

መስከረም ላይ ሸራው ወረደ፤ ጽሕፈት ቤቱም ግድግዳ አየ። መጀመሪያ ክስ ሊመሠረት ነበር። ስብሰባ ተጠራ። ህሩይ ቆሞ አስረዳ፤ ድንጋዩ የራሱ የቤቱ ድንጋይ ነው፣ ኖራው ትክክለኛ ነው፣ ግድግዳው ቀጥ ብሏል። ኃላፊው ጥቂት አሰቡና «ስለዚህ ታድሷል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ታድሷል አለ። «በየትኛው በጀት ዓመት?» ባለፈው። ኃላፊው የዓመቱን ዕቅድ አስመጡ። ዕቅዱ «አንድ ቅርስ ማደስ» ይላል፤ ከጎኑ ያለው የክንውን ሣጥን ባዶ ነበር። ክሱ ተረሳ። ከአንድ አንዱ ተሠርቷል፤ አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ሆነ።

የምረቃው ቀን ድንኳን ተተከለ፤ ሪባን ተቆረጠ። ህሩይ የአያ በላቸውንና የዓይናዲስን ስም ከተጋባዦች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ ልዩ ፈቃድ ስለሌላቸው ተሰረዙ። እነሱ ቢጋበዙ ሠርተዋል ማለት ነው፤ ሠርተዋል ከተባለ ደግሞ ሕግ ተጥሷል ማለት ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ማንም አልሠራውም፤ «በመንግሥት ሀብት» ታደሰ። ለእትዬ ፈህሚያ ስለ ትብብራቸው የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ስማቸው «ወይዘሮ ፋህሚ ሳሊም» ተብሎ ተጽፏል።

ድምፅ ማጉያው ሲሰጣቸው ተቀበሉት። «ለመጣችሁት ሁሉ አመሰግናለሁ» አሉ። «ይህን ግድግዳ የሠሩት ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት አያ በላቸውና ልጃቸው ዓይናዲስ ናቸው። መንግሥት የሰጠኝ ሰሌዳና ሸራ ነው። ሰሌዳው አልጠቀመኝም፤ ለሸራው ግን አላህ ይስጥልኝ።» የመድረኩ መሪ ጭብጨባውን ቀድሞ ጀመረና ሕዝቡም አጨበጨበ። በሬዲዮ ሲተላለፍ «ለሸራው አላህ ይስጥልኝ» የሚለው ብቻ ተሰማ፤ የቅርስ ባለቤቶች ለተደረገላቸው ድጋፍ ምስጋና ሲያቀርቡ ተብሎ።

ህሩይ ግን አልተቀመጠም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናዲስ በጽሕፈት ቤቱ በግንበኛነት እንድትቀጠር ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። በግንበኛነት ለመቀጠር የትምህርት ማስረጃ ያስፈልጋል ተባለ። ማስረጃው የሚገኘው በኖራ ሥራ ሥልጠና ነው፤ ሥልጠናውን የሚሰጥ ደግሞ ጠፍቷል። አራት ወር ተመላልሶ በመጨረሻ «ረዳት ግንበኛ» ሆና ተቀጠረች። የምትረዳው ግንበኛ ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ቦታው ክፍት ነው።

አያ በላቸው መቀጠሯን ሰምተው ነበር። በዚያው ወር፣ ጥር ሲወጣ፣ አረፉ። እትዬ ፈህሚያ፣ ህሩይና እኔ ለለቅሶ በጠዋት አውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። ብርድ ነበር። እትዬ ፈህሚያ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው፣ ለክርስቲያን ግንበኛ እንደ ወንድም አለቀሱ። ግድግዳቸው ሲወድቅ ያላፈሰሱትን እንባ ሁሉ ያን ቀን አወጡት። ዓይናዲስ እጃቸውን ይዛ «ስለ አንቺ ግድግዳ ሲያወራ ነው የኖረ፤ ከሥራዬ ሁሉ የመጨረሻው ሸጋ ሆነ ይል ነበር» አለቻቸው።

መጋቢት ላይ ለአያ በላቸው የጥሪ ደብዳቤ ደረሳቸው። የአገር በቀል እውቀት ባለቤት እንደመሆናቸው፣ በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ ከአምስት ደቂቃ ወደ አሥር ደቂቃ ከፍ ባለ ጊዜ ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ተጋብዘዋል።

ዓይናዲስ ደብዳቤውን ይዛ እትዬ ፈህሚያ ዘንድ መጣች። ሁለቱ ጓሮ ተቀምጠው ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ እትዬ ፈህሚያ ዶማ አምጣ አሉኝ። የአባቷ ጉድጓድ ባዶ ቀርቷል፤ የሚቀጥለው ግድግዳ የት እንደሚወድቅ ባይታወቅም መውደቁ አይቀርም፤ ኖራ ደግሞ ሦስት ዓመት መተኛት አለበት። ከቧንቧው ማዶ፣ ከሰገነቱ ራቅ ብሎ፣ ሰው የሚያህል ጉድጓድ ቆፈርን። ሦስት የሰፈር ሴቶች ሥራውን ለመማር መጥተው አብረውን ቆፈሩ። ህሩይ ልኬቱን እየነገረን ኮቱን አውልቆ አፈር ሲያወጣ ዋለ። ጉድጓዱ ሲያልቅ ዓይናዲስ ኖራ በውሃ ነክራ አስተኛችበት።

በቅርስ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር ፈቃድ ያስፈልገዋል። እትዬ ፈህሚያ ሕግ አክባሪ ሰው ስለሆኑ በማግስቱ ማመልከቻ አስገቡ። ጉዳዩ እየታየ ነው። ኖራው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።